የእትዬ ሙሉ ሐረግና የእኔ ዓሦች

“ጨምረህበታል!”

“አልጨመርኩም!”

“ትናንት ውሃው ከፕላስተሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ዛሬ ፕላስተሩን አልፎ ወጥቷል። ውሃ በራሱ ሲወለድ አይተህ ታውቃለህ አንተ ልጅ?”

“እትዬ ሙሉ፣ ጧት ጧት ሲቀዘቅዝ ውሃ እኮ…”

“ውሃ ምን?”

“ያብጣል።”

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አልክድም። ስንት መጽሐፍ ተውሼ አንብቤ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም መጻፍ የጀመርኩ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ አከራዬ ፊት ቆሜ “ውሃ ያብጣል” አልኩ። እሳቸውም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጉድለት የተገኘበት መዝገብ እንደሚያዩ ሆነው አዩኝ። እትዬ ሙሉ መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከእሳቸው እጅ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም ይባላል። እንግዲህ እኔ ከእኚህ ሴት ውሃ ልደብቅ ተነሣሁ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። ብትፈርዱብኝም ግድ የለኝም።

የምኖረው ከልደታ ወደ አብነት ሲኬድ ገባ ብሎ፣ እትዬ ሙሉ ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነው። ክፍሏ አልጋ፣ ጠረጴዛና እኔን ትይዛለች። እንግዳ ከመጣ አንዳችን መውጣት አለብን፤ ብዙውን ጊዜ የምወጣው እኔ ነኝ። እዚህች ክፍል ውስጥ ነው እንግዲህ የክንድ ተኩል ርዝመት ያለው አኳሪየም ከሦስት ዓሦች ጋር ያስገባሁት።

“ምን ሲደረግ?” ለምትሉኝ፣ አኳሪየሙ የግጥም ክፍያዬ ነው። አብነት ፀጉር ቤት ያለው ጌቱ የሚባል ወዳጄ ለግድግዳው የሚሆን ሁለት ስንኝ ጻፍልኝ አለኝ፤ ጻፍኩለት፦

ፀጉርህን ስጠው፣ ሐሳብህን ጣለው፣
ጌቱ ወንበር ላይ ነው ጭንቅላት የሚቀለው።

ጌቱ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጠውን አኳሪየም በመቀሱ አመለከተና “ውሰደው” አለኝ። ልቡ በግጥሜ ተነክቶ መስሎኝ ነበር። እውነቱን የነገረኝ በኋላ ነው። ደንበኛው ዓሦቹን በዓይኑ ሲከተል ጭንቅላቱም አብሮ ይዞራል፤ በዚህ የተነሣ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ጆሮ ተነክቷል። ቢሆንም ክፍያ ክፍያ ነው። ግጥም መጻፍ ከጀመርኩ ጀምሮ ሰው ምስጋና ሰጥቶኛል፣ ምክር ሰጥቶኛል፣ “ሥራ ፈልግ” የሚል ትዕዛዝ ሰጥቶኛል። ለስንኝ ብሎ በእጅ የሚዳሰስ ነገር የሰጠኝ ግን ጌቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓሦቹን እንደ ዓሣ አላይም። ስማቸውንም አወጣሁላቸው። ሁለቱ ብርቱካናማዎቹ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ ናቸው። ጥቁሩ፣ ከታች ተኝቶ የሚውለው፣ አራት ነጥብ ነው።

ከአኳሪየሙ ጋር አንድ ፓምፕ አብሮ መጥቶ ነበር። ውሃውን ይስባል፣ በስፖንጅ ያጣራል፣ ይመልሳል። ይህ እንግዲህ መብራት ሲኖር ነው። መብራት ሲጠፋ ስፖንጁም እንደ እኔ ተክዞ ይቀመጣል። አንድ ቀን ሄዶ የነበረው መብራት ሲመለስ በጉልበት ተመለሰና ፓምፑን አቃጠለው። በአራተኛው ቀን ውሃው የሩዝ እጣቢ መሰለ፤ በስድስተኛው ቀን ክፍሌ መሽተት ጀመረች። ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው አየር ይለምኑ ጀመር። ውሃውን ቶሎ ቶሎ እንዳልቀይር፣ የሰፈራችን ቧንቧ በፈረቃ የሚመጣ ነው፤ ሲመጣም እንደ ባለሥልጣን እንግዳ ለጥቂት ሰዓት ታይቶ ይመለሳል።

ታዲያ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ፣ ባንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ዋይፋይ ስጠቀም፣ አንድ ቪዲዮ አየሁ። የማላውቀው ሰው በማላውቀው ቋንቋ እየተናገረ፣ የቤት ውስጥ ተክሎችን ሥሮቻቸው ውሃው ውስጥ፣ ቅጠላቸው ከውሃው ውጭ ሆኖ አኳሪየሙ ላይ ሰቅሏቸዋል። ቋንቋው ባይገባኝም ሐሳቡ ገባኝ። ዓሣ ይበላል፤ ከበላ በኋላ ማንኛችንም የምናደርገውን ያደርጋል። ያደረገው ነገር ለራሱ መርዝ ነው፤ ለተክል ግን ቀለብ ነው። ሥሩ ቀለቡን ይስባል፣ ውሃው ይጠራል፣ ዓሣው ይኖራል። መብራት የለ፣ ስፖንጅ የለ፣ የሚቃጠል ነገር የለ። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ማሽን የከዳው ሰው ከቅጠል ጋር ቢወዳጅ ምን ነውር አለው?

ችግሩ ከየትኛው ቅጠል ልጀምር የሚለው ነበር። የዚህ አገር ልጅ ነኝና ከጤና አዳም ጀመርኩ። ሆድ ለቆረጠው ጤና አዳም፣ ለሚያለቅሰው ሕፃን ጤና አዳም፣ ለአይቡም ጤና አዳም ነው። ለዓሣ የማይሆንበት ምክንያት አልታየኝም። ግማሽ ቀን ሳይሞላ ሦስቱም ዓሦች አንድ ጥግ ላይ ተፋፍገው አገኘኋቸው፤ ጭስ የገባበት ቤት ውስጥ ያሉ ሰዎች ይመስሉ ነበር። ነቀልኩት። ክፍሌ ግን ለሁለት ቀን የበዓል አይብ አይብ ስትል ቆየች።

ቀጥሎ ቄጤማ ሞከርኩ። ውሃ ዳር የሚበቅል ነውና ከውሃ ጋር ዝምድና አለው ብዬ ነው። የበዓል ቄጤማ ታጭዶ የሚሸጥ እንጂ ሥር ያለው እንዳልሆነ ያስተዋልኩት አንድ እስር ሙሉ ከነከርኩ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን በሰበሰ። ከተማ ውስጥ ተወልዶ ማደግ እንዲህ ያደርጋል፤ ሣርን የምናውቀው ወለል ላይ ተጎዝጉዞ ነው።

የሚያስፈልገኝ ያቺ ሐረግ እንደሆነች ገባኝ። ታውቋታላችሁ። በየሰዉ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተነሥታ፣ በሚስማር እየተደገፈች፣ የሠርጉን ፎቶ ዞራ የምትሄደው፣ ቅጠሏ ልብ የሚመስለው። ስሟን የሚያውቅ የለም። ሁሉም “አበባዬ” ይላታል፤ አንድም ቀን አብባ አታውቅም። ሜክሲኮ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የእንግዳ መቀበያ ውስጥ ጣሪያ የነካች አገኘሁና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ኪሴ ውስጥ ትንሽ መቀስ ነበረች። ሰው አልጠፋም። በማግሥቱም ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ጥበቃው መጣና አጠገቤ ቆመ።

“ወንድም፣ ጉዳይህ ምንድን ነው?”

“ተራ እየጠበቅኩ ነው።”

“ሦስት ቀን? ተራ ሲጠራ እኮ አትነሣም። ዓይንህ ቅጠሉ ላይ ነው።”

“ልምላሜ እወዳለሁ።”

“ውጭም ልምላሜ አለ፤ ና ላሳይህ” አለና ክንዴን ይዞ ልምላሜውን አሳየኝ። ውጭ የነበረው የግንባታ ቆርቆሮ ነው፤ ቀለሙ ግን አረንጓዴ ነበር።

እንግዲህ የቀረችኝ የእትዬ ሙሉ ሐረግ ናት። ሳሎናቸውን ሦስት ግድግዳ ዞራ አራተኛውን የጀመረች፣ ቅጠሏ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወል ሐረግ። ልጆቻቸው ከቤት ወጥተው የየራሳቸው ኑሮ ውስጥ ስለገቡ ቤቱን ሞልታ የምታኖረው እሷ ናት። ብለምናቸው እንደማይሰጡኝ አውቃለሁ፤ ወንድማቸው ለምኖ ተከልክሏል። ስለዚህ አንድ ቀን ጀሪካን ተሸክሜ ላደርስላቸው በገባሁበት፣ እሳቸው ወደ ጓዳ ገባ ሲሉ፣ ከሶፋው ኋላ አጎንብሼ የክንድ ርዝመት የምታህል ቆረጥኩ። ሰረቅኩ ማለት ነው። ቃሉን ልበለው፤ ገጣሚ ቃል አይፈራም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ! በሁለት ሳምንት እንደ ጥጥ ክር የነጣ ሥር አኳሪየሙን ሞላው። ውሃው ጠርቶ ከበስተጀርባው ያለው የግድግዳ ስንጥቅ ተነበበ። ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ በሥሩ መሐል ድብብቆሽ ጀመሩ፤ አራት ነጥብ እንኳ ከወለሉ ተነሣ። እትዬ ሙሉ አንድ ቀን ከበሩ ብቅ ብለው አዩና “ይቺ ሐረግ የኔን ትመስላለች” አሉ። “ሁሉም አንድ ናት እትዬ” አልኩ። ወደ ዓሦቹ ጎንበስ ብለውም “ለጾም ይሆናሉ እነዚህ?” ብለው ጠየቁኝ። አይበሉም፣ ጌጥ ናቸው ብላቸው “ልብላቸው አላልኩም፤ ጠየቅኩ እንጂ” ብለው ሄዱ።

በዚሁ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር።

የቧንቧው ፈረቃ ተዛባና ውሃ ጠፋ። ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ መቁጠር እስክናቆም ድረስ ጠፋ። ሥሮቹ ግን አያውቁም፤ ይጠጣሉ። አኳሪየሙ በየቀኑ እየጎደለ ሄዶ የአራት ነጥብ ጀርባ ከውሃው በላይ ሊታይ ደረሰ። በእኛ ግቢ ደንብ፣ ውሃ ያለቀበት ሰው በረንዳ ላይ ከተደረደሩት ጀሪካኖች አንዱን ያነሣል፤ ውሃ ሲመጣ ሞልቶ ይመልሳል። ሁሉም ቢጫ ናቸው። አንደኛው ክዳኑ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮበታል። አቧራ እንዳይገባበት ነው ብዬ የባለቤቱን ጥንቃቄ አደነቅኩ፤ ለዓሦቼም ጥንቃቄ የተደረገለት ውሃ ይሻላል ብዬ እሱኑ አነሣሁ። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አኳሪየሙ ውስጥ ገለበጥኩት።

በማግሥቱ ግቢው ውስጥ እንዲህ የሚል ድምፅ ሰማሁ፦ “ጠበሌስ?”

እትዬ ሙሉ ለጉልበታቸው ብለው፣ በዚያው በሚያማቸው ጉልበት ዳገት ወጥተው፣ ሁለት ሌሊት አድረው ያመጡት ጠበል ነበር። ልክድ እችል ነበር። ወጣሁና “ዓሦቹ ዘንድ ነው” አልኩ።

ባዶው ጀሪካን ላይ ተቀመጡ።

“ዓሣ ውስጥ?”

“አላወቅኩም ነበር እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።”

“ለኔ ጉልበት የመጣውን ጠበል!” አሉ። “ጉልበት ለሌለው ለዓሣ!”

ያን ጊዜ አፈርኩ። ማፈሬን አልደብቅም። በማግሥቱ ማለዳ ተነሥቼ፣ ያንኑ ዳገት ወጥቼ፣ አንድ ጀሪካን ሙሉ በጀርባዬ አምጥቼ በራቸው ላይ አስቀመጥኩ። አልነኩትም። “የኔ በእግሬ የሄድኩበት ነው” አሉኝ። “አንተ የሄድክበት ያንተን ጉልበት ያድን” ብለው ለጎረቤት አከፋፈሉት። በዚያው ቀን ውሳኔያቸውን ነገሩኝ፦ “አኳሪየሙ ይወጣል። አንተም ከወደድከው ተከትለኸው ውጣ።”

እንዴት ይውጣ? ውሃውን ሳያፈሱ ማንሣት አይቻልም፤ ጠበል ደግሞ እግር በሚረግጠው ቦታ አይፈስም። የእትዬ ሙሉ ግቢ ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው። በጣሳ ያሉትን አበቦቻቸውን እንዳያጠጡት “ዓሣ የ… ያደረገበትን ለአበባዬ አላጠጣም” አሉ። ተቸገርን። የነፍስ አባታቸው ተጠሩ።

አባ መጡና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዓሦቹን ረጅም ጊዜ አዩ። ጥቁሩን በጣታቸው መስታወቱ ላይ ተከተሉት። የመጡበትን ጉዳይ የረሱ መሰለኝ። በመጨረሻ “ዓሣም የፈጣሪ ፍጥረት ነው፤ ጠበሉ አልረከሰም” አሉ። “መሬት ላይ ግን አይፈስም። ተክል ይጠጣው።”

“አባ፣ እየጠጣው እኮ ነው!” አልኩ ብድግ ብዬ። ሥሮቹን አሳየኋቸው።

አባ ጎንበስ ብለው አዩ፤ ሳቃቸው መጣባቸው። “እንግዲያው ጠጥተው እስኪጨርሱት ይቆይ” ብለው ፈረዱ። እትዬ ሙሉ ለጉልበታቸው ከሚለጥፉት ፕላስተር ቀድደው መስታወቱ ላይ፣ ልክ ውሃው የደረሰበት ላይ፣ ለጠፉ። “ሲጨርሱት ይወጣል” አሉ። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መነጽራቸውን አድርገው እየመጡ ይለካሉ፤ አፋቸውን ከፍተው ቁጥር ባይናገሩም መዝገብ የያዙ ይመስለኛል።

እኔ ምን አደረግኩ? በየማለዳው እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አንድ ኩባያ ውሃ እጨምራለሁ። አባ “ጠጥተው ይጨርሱት” አሉ እንጂ “አትጨምር” አላሉም። ሥሮቹ ይጠጣሉ፣ እኔ እሞላለሁ፤ ይጠጣሉ፣ እሞላለሁ። ሁለት ወር እንዲህ ኖርን። ሐረጓ ጣሪያውን ዞራ በመስኮት ወደ ግቢው አንገቷን አወጣች። ዛሬ ማለዳ ግን አንድ ስንኝ አልገጥም ብሎኝ፣ ቃል ስፈልግ፣ መጨመሬን እየረሳሁ ደግሜ ደጋግሜ ጨመርኩ። ይኸው ተያዝኩ፤ ይኸው “ያብጣል” አልኩ።

“ያብጣል?” አሉ እትዬ ሙሉ።

“እሺ፣ ጨመርኩ!” አልኩ። መዋሸቱም ሰለቸኝ። “ሁለት ወር ሙሉ ጨምሬያለሁ። ነገም እጨምራለሁ።”

“አባን አሞኘህ!”

“አላሞኘሁም። ውሃው ከጎደለ ይሞታሉ። እነዚህ ዓሦች ለግጥሜ የተሰጡኝ ናቸው እትዬ። ሌላ ማንም ምንም ሰጥቶኝ አያውቅም። ክፍሉን ልቀቅ ይበሉኝ፣ እለቃለሁ፤ እነሱን በእጄ አላደርቃቸውም።”

“ሐረጓስ? እሷንም ግጥም አምጥቶልህ ነው?”

ቀና ብዬ ሐረጓን አየሁ።

“ከሶፋው ኋላ የቆረጥከውን በማግሥቱ ነው ያየሁት። ትናገራለህ ብዬ ጠበቅኩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እየጠበቅኩ ነው።”

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይንበረከካል። እኔ የተሸነፈ ሰው እንደሚያደርገው ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

“ሰርቄያለሁ! ግን ምን እንደሠራች ይዩ! ፓምፕ ያልቻለውን የርስዎ ሐረግ ቻለች። በዚህ ግቢ ውስጥ ከዚህ የጠራ ውሃ ካለ ያሳዩኝ። በረንዳ ላይ ካሉት ጀሪካኖች ሁሉ ይህ ይነጻል!”

እትዬ ሙሉ መልስ አልሰጡኝም። ጠረጴዛዬ ላይ ያለችውን ኩባያ አነሡ፤ ወደ ብርሃን ይዘው ውስጧን አዩ። እጅጌያቸውን ሰብስበው በሥሮቹ መሐል ነከሯት። ዓሦቹ ተበተኑ። ሞልተው አወጡና ወደ እኔ ዘረጉ።

“ጠጣ።”

“እኔ?”

“ንጹሕ ነው አላልክም?”

“ለዓሣ ንጹሕ ነው ማለቴ…”

“ለዓሣ! ጠበል ያለበትን ውሃ ለሰው አይሆንም ልትለኝ ነው?”

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ወጥመድ አይቼ አላውቅም። ይሆናል ብል መጠጣት አለብኝ፤ አይሆንም ብል በጠበላቸውም በሐረጋቸውም ላይ ተናገርኩ ማለት ነው።

“ከጠጣህ ይቀመጣል” አሉ በዝግታ። “ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አፌን አልከፍትም። ካልጠጣህ ዛሬውኑ ይወጣል፤ ሐረጌንም ነቅዬ እወስዳለሁ።”

ኩባያዋን ተቀበልኩ። ውሃው እውነትም የጠራ ነበር፤ ከላይ አንዲት ቀጭን የሥር ክርና ዓሦቹ ከቁርስ ያተረፉት አንድ ፍርፋሪ ይንሳፈፋሉ። ድርብ ሰረዝ ወደ መስታወቱ ተጠግታ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። እትዬ ሙሉ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

ጠጣሁት። በሁለት ጉንጭ፣ ከነክሩ፣ ከነፍርፋሪው። መጀመሪያ የቅጠል ጣዕም መጣ፤ ከዚያ የእርጥብ ድንጋይ፤ ከዚያ ስሙን ልጽፈው የማልፈልገው ሌላ ነገር መጣና አልሄድ አለ። ዓይኔን ከዓይናቸው አልነቀልኩም። ባዶውን ኩባያ መልሼ ዘረጋሁላቸው።

“ይድገሙኝ” አልኩ።

እትዬ ሙሉ ኩባያውን አዩ፤ እኔን አዩ። የከንፈራቸው ዳር ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው መልሰው ያዙት። ነጠላቸውን አጣፉ።

“ጉልበትህን ይባርክልህ” አሉ። “ሆድህን ግን እኔ የለሁበትም።”

እያነከሱ ወጡ። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ፊቴን አላኮማተርኩም።